«ጌታ ከፈወሳት መድኃኒቱ ለምን?»

ልጅ የታመመበት ወላጅ ጸሎቱ አጭር ነው። የእኔም ጸሎት ለሁለት ወራት «ጌታ ሆይ፣ ሚጣዬን!» ከማለት አላለፈም።

የአምስት ዓመቷን ልጃችንን መጀመሪያ ትኩሳት ያዛት። በሰፈራችን ክሊኒክ «ታይፎይድ ነው» ተብሎ መድኃኒት ተሰጣት። ትኩሳቱ ለቀቅ አድርጓት ተመለሰ። ቀጥሎ «እግሬን አመመኝ» እያለች ሌሊት ሌሊት ማልቀስ ጀመረች። ፊቷ ገረጣ፤ ሳትወድቅ ገላዋ ይበልዝ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት የደም ምርመራዋን ያየ ሌላ ሐኪም በዚያው ቀን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላከን።

እዚያ ከዳሌ አጥንቷ መቅኔ ተወስዶ ተመረመረ። ዶክተሯ ባለቤቴንና እኔን አስቀምጠው «የደም ካንሰር ነው፤ አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ ይባላል» አሉን። ባለቤቴ «ምን አጥፍተን ነው ዶክተር?» ብላ ጠየቀች። «እናንተ ያመጣችሁት አይደለም፤ ተላላፊም አይደለም። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር ይኸው ዓይነት ነው፤ ይታከማል» አሏት። ከዚያ ሁሉ ንግግር እኔ የሰማሁት «ካንሰር» የሚለውን ብቻ ነበር።

ሕክምናው በዚያው ሳምንት ተጀመረ። በየሳምንቱ ቪንክሪስቲን የሚባል መድኃኒት በደም ሥሯ ይሰጣታል፤ በየቀኑ ፕሬድኒሶሎን የሚባል እንክብል ትውጣለች፤ አልፎ አልፎም በአከርካሪዋ በኩል መርፌ ትወጋለች። ፊቷ አበጠ፤ ጠባይዋ ተለወጠ፤ እኩለ ሌሊት ተነስታ ሽሮ ትጠይቃለች። ጸጉሯ ትራሷ ላይ ሲቀር እናቷ እየለቀመች ትደብቅባት ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ መቅኔዋ እንደገና ሲታይ የካንሰር ሕዋስ በማይክሮስኮፕ አልተገኘም! የቤት ኅብረታችን በእልልታ ተሞላ። ከወንድሞች አንዱ ግን ወደ ጎን ወሰደኝና «ጌታ ከፈወሳት መድኃኒቱ ለምን? አለማመን አይሆንባችሁም?» አለኝ። እውነቱን ልናገር፤ ሐሳቡን ደስ ብሎኝ ተቀበልኩት። እምነቴ በዝቶ አልነበረም፤ ደክሞኝ ነው። ብድር ውስጥ ገብተናል፤ ከሥራ በመቅረቴ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፤ ታናሽ ወንድሟ የሚያድረው ጎረቤት ቤት ነው። ለባለቤቴ «ከእንግዲህ ይበቃታል፤ እንተወው» አልኳት።

እሷ አልጮኸችም። «ማታ የዳፈንኩት ፍም ጠፋ ማለት ነው? ጠዋት አመዱን ገለጥ ሳደርገው አይደል እንዴ የሚቀጣጠለው?» አለችኝ። ሦስት ቀን ተኳረፍን። በአራተኛው ቀን መጋቢያችን ዘንድ ሄድን። እሳቸውም «ፈውስ የጌታ ነው፤ ስለ መድኃኒቱም የምታመሰግኑት እሱኑ ነው። ልጅቷን በቀጠሮዋ ቀን አድርሷት» ብለው ጸለዩልን። በቀጠሮዋ ቀን እኔው ራሴ ይዣት ሄድኩ።

ዶክተሯ ነገሩን ደግመው አስረዱኝ። ከመጀመሪያው ወር በኋላ በዓይን የማይታዩ የካንሰር ሕዋሳት ይቀራሉ፤ ስለዚህ ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 በመቶ ያነሱ ናቸው። ከምክንያቶቹ አንዱ ሕክምናን ጀምሮ ማቋረጥ ነው። እኔም ከአቋራጮቹ አንዱ ልሆን ነበር።

ውድ ባለትዳሮች፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ ሐኪም ዘንድ ሁለታችሁም ሂዱ፤ አንዱ ያልሰማውን ሌላው ይሰማል። እኛ ቤት ቴርሞሜትር ከእጃችን አይጠፋም። መድኃኒቱ የሰውነቷን መከላከያ ስለሚያዳክም ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል እንሮጣለን። ቅዱሳንም እንዴት እንደሚረዱን ተምረዋል። እኅቶች ታናሽ ወንድሟን በተራ ይይዙልናል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው በስልክ ይጸልይልናል፤ ወጣቶች ደም ለግሰዋል። ያ በኅብረቱ ቀን ያናገረኝ ወንድምም ደም ከለገሱት አንዱ ነው።

ሚጣ ሕክምና ከጀመረች ዛሬ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ገና ብዙ ቀጠሮ አለብን። ጸሎቴ አሁንም አጭር ነው፤ ብቻ አንድ ቃል ጨምሬበታለሁ፦ «ጌታ ሆይ፣ ሚጣዬን፤ እኛንም አጽናን።»