ጉድጓዱ ዳር መቀመጥ

ወደ ቻይናዋ ናንጂንግ የዘለቀ መንገደኛ ዩንጂን የሚባለው የሐር ጨርቅ ሲሸመን ማየት ይችላል። መሣሪያው ቁመቱ 4 ሜትር ይደርሳል፤ አንዱ ሠራተኛ ላይ ተሰቅሎ ክር ይስባል፣ ሌላው ታች ተቀምጦ ይሸምናል። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ለፍተው የሚያወጡት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ዩኔስኮ ይህን ሙያና የቻይናን የወረቀት ቆረጣ ጥበብ በአንድ ዓመት፣ በ2009 እ.ኤ.አ.፣ መዝግቧል። እዚያ አገር እንግዳ ከፍሎ መቀሱን ይይዛል፤ ሸክላ በሚሠራባት ጂንግዴጄን ደግሞ እጁን ጭቃ ውስጥ ይነክራል። የሙያ ማሳየቱ ራሱ ገበያ ሆኗል።

ወደ እንጦጦ የሚወጣው እንግዳ ግን ይህ ዕድል እምብዛም አያጋጥመውም። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ተራራው ሰው አጥቶ አያውቅም። ሰዉ ነፋሱን ጠጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ሽሮ ሜዳ ወርዶ፣ በነጠላ ዋጋ ተከራክሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ነጠላው የተሠራው እዚያው ግርጌ ካሉት ሰፈሮች በአንዱ ሊሆን እንደሚችል የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የእኛ የሸማ መሥሪያ እንጨት፣ ገመድና ጉድጓድ ነው። ሸማኔው ጠርዙ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ጉድጓዱ ውስጥ ያሉት መርገጫዎች ላይ ያሳርፋል። ድሩ ከፊቱ ተወጥሯል። አንዱን መርገጫ ሲጫን የድሩ ግማሽ ይነሣል፣ ግማሹ ይወርዳል፤ በመሐል በተከፈተው ክፍተት ማጉን የያዘውን መወርወሪያ በአንድ እጁ ሰድዶ በሌላው ይቀልባል። ማጉን ወደ ራሱ መትቶ ያጠብቅና እግሩን ይቀይራል። መወርወሪያው የሚሄደው በእጅ ስለሆነ የጨርቁ ስፋት ክንድ ከሚደርስበት አያልፍም፤ ሰፋ ያለ ልብስ ሲፈለግ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ይሰፋል። ጋቢ ከባድ የሚሆነው ደግሞ አራት ድርብ በመሆኑ ነው።

ጀማሪን የሚያጋልጠው የጨርቁ ጠርዝ ነው። ማጉን አጥብቆ ሲስብ ጨርቁ እየጠበበ ይሄዳል፤ ሲያላላ ደግሞ ክሩ ዳር ዳሩን ይንጠለጠላል። ባለሙያው ሳቁን ውጦ ይፈታውና እንደገና ያስጀምራል። ጥለቱን ግን ለመሞከር ባይጠይቁ ይሻላል፤ ቀለም ያለውን ክር በጣት እየለዩ በድሩ መካከል ማስገባት ዓመታት የሚፈልግ ሥራ ነው።

ለእኔ ከሽመናውም የሚከብደው ፈትሉ ነው። ጥጡ በመዳመጫ ፍሬው ይወጣለታል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል። ከዚያ እንዝርት የምታሾር ሴት ያለምንም ሐሳብ የምታወጣው ቀጭን ክር በእንግዳ እጅ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይበጠሳል።

በልማድ ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ነበር። ይህን ልማድ የሰበሩት ደግሞ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ቀበና ሲወርዱ የኖሩ ሴቶች ናቸው። ሸክሙ አንዳንዴ ከራሳቸው ክብደት ይበልጥ ነበር። ከመካከላቸው የቀድሞ ማገዶ ተሸካሚ ሴቶች ማኅበርን ያቋቋሙት፣ በዓለም የሥራ ድርጅት ፕሮጀክት ታግዘው፣ ሽመና ተምረው ሻርፕና ነጠላ መሥራት ጀመሩ። ስለ እንጦጦ የሚያወራ አስጎብኚ ስለ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲተርክ እነዚህን ሴቶች ቢዘላቸው ታሪኩን ግማሽ አድርጎታል።

የሽሮ ሜዳና የጉለሌ ሸማኔዎች አብዛኞቹ ከጋሞ ተራሮች፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ናቸው። አዲስ አበባን ሲያለብሱ ኖረው የተከፈላቸው ብዙ ጊዜ ስድብ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሙያው መስደብ ከልክለዋል። አዋጅ ግን አፍ አይዘጋም፤ የስድቡ ርዝራዥ እስከ ዛሬ በቀልድ ስም ይሰማል። ስለዚህ እንግዳ ጉድጓዱ ዳር ቁጭ ብሎ «ጋሼ፣ እስቲ ያሳዩኝ» ሲል የሚጠይቀው ትምህርት ብቻ አይደለም፣ አክብሮትም አለበት።

አክብሮቱ ግን በገንዘብም ይገለጽ። ሸማኔ የሚኖረው በሚሸምነው ልክ ነው፤ ለእርስዎ መወርወሪያውን ሲሰጥ የራሱ ሥራ ይቆማል። ዋጋውን አስቀድመው ይስማሙ፣ ያበላሹት ክር ቢኖር ይክፈሉ፣ ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ያስፈቅዱ። ከትልልቅ በዓላት በፊት ባሉት ሳምንታት ትእዛዝ ይበዛባቸዋልና ያኔ አይሂዱ። ለመስቀል ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ጋሞ፣ ወደ ቤተሰባቸው ይሄዳሉ፤ በእነዚያ ቀናት ሽሮ ሜዳ ሸማ ያገኛሉ፣ ሸማኔ ግን አያገኙም።