ገንዘብን የት ማኖር ይሻላል?

ገንዘብን በድካም ማግኘት አንድ ሥራ ነው፤ ያገኙትን ጠብቆ ማቆየት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። የፊተኛውን የማያውቅ ሰው የለም፤ ነጋዴው በሱቁ፥ ሠራተኛው በደመወዙ፥ ባለእጁ በመዶሻው ዕለት ዕለት ይደክምበታልና። የኋለኛውን ግን ብዙዎቻችን ለአጋጣሚ እንተወዋለን፤ ብንጠይቅም የምንጠይቀው ወለዱ ስንት ነው ብለን ብቻ ነው። ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን መቅደም የሚገባው ጥያቄ እርሱ አይደለም።

ነገሩን ከአራዳ ብንጀምረው ይገለጣል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአራዳ ገበያ መገበያያው በአብዛኛው የማርያ ትሬዛ ብር ነበር። ብሩ ከባድ ስለ ሆነ ሀብታሙ ነጋዴ ገንዘቡን በበቅሎ ይጭነው፥ በቤቱም በሣጥን ይቈልፈው ወይም በጋን አድርጎ ይቀብረው ነበር። የተቀበረ ብር ከሌባ ዓይን ይሰወር ይሆናል፤ ነገር ግን አይወልድም፥ ለንግድም ለእርሻም አይውልም፤ ባለቤቱ ሳይናዘዝ ቢሞት ከልጆቹ ይልቅ መሬት ይወርሰዋል።

ስለዚህ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል የአቢሲንያ ባንክ በየካቲት ወር 1898 ዓ.ም. ተመርቆ ሲከፈት፥ ለከተማው አዲስ የአደራ ቤት ተከፈተለት ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ወረቀቱን ቶሎ አላመነውም፤ ለብዙ ዘመን በእጁ የሚመዝነውን ብር መረጠ። በ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባንክ በቦታው ተተካ። ጠላት በ1928 ዓ.ም. በገባ ጊዜ የእርሱም ሥራ ተቋረጠ። ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1935 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ሆነ። የግል ባንኮች በ1967 ዓ.ም. ተወርሰው ቆይተው በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ እንደገና ተፈቀዱ፤ ከዚያ በኋላ አዋሽ ባንክ ፊተኛ ሆኖ ተቋቋመ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው፥ የባንክ ስምና ሕንፃ የሚለወጥ መሆኑን ነው፤ አስቀማጭ ሊመረምረው የሚገባው ከስሙ በስተኋላ የቆመውን ሕግና ዋስ ነው።

እንግዲህ ገንዘቡን ለሌላ የሚያስረክብ ሰው ሦስት ነገሮችን በየተራ ይጠይቅ።

መጀመሪያ፥ አደራውን የሚቀበለው ማነው? ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ተሰጥቶታልን? በአገራችን የገንዘብ አስቀማጮች መድን ፈንድ በ2013 ዓ.ም. በደንብ ተቋቁሟል። ባንክ ቢወድቅ ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ ላለው ተቀማጭ መድን እንዲሆን የተወሰነው ልክ እስከ 100 ሺሕ ብር ነው። ስለዚህ ከዚህ የሚበልጥ ገንዘብ ያለው ሰው በሁለትና በሦስት ባንክ ከፍሎ ቢያኖረው ፈሪ አይባልም፤ አስተዋይ ይባላል እንጂ።

ሁለተኛ፥ ገንዘቡ በስንት ጊዜ ይመለስልኛል? ተራ የቁጠባ ሒሳብ በተፈለገ ጊዜ ይወጣል። በጊዜ ገደብ የሚቀመጠው ግን በውል የተሻለ ወለድ ሲያስገኝ እስከ ቀኑ ድረስ የታሰረ ነው፤ ቀኑ ሳይደርስ ያወጣ ሰው ወለዱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ለሕመም፥ ለኀዘንና ለቤት ኪራይ የሚያስፈልገውን በጊዜ ገደብ ማሰር አይገባም።

ሦስተኛ፥ ወለዱ ከገበያው ዋጋ ጋር ሲመዛዘን ምን ይተርፋል? ብሔራዊ ባንክ ለቁጠባ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ በ2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 ከመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። በ7 ከመቶ ሒሳብ 10 ሺሕ ብር በዓመቱ 10 ሺሕ 700 ብር ይሆናል፤ ወለዱ ሳይነካ ከዋናው ጋር ቢቀመጥ በ10 ዓመት ወደ 19 ሺሕ 670 ብር ይደርሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ይህ ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት የዕቃ ዋጋ በ15 ከመቶ ቢጨምር፥ አስቀድሞ በ10 ሺሕ ይገዛ የነበረው 11 ሺሕ 500 ይሆናልና ባለገንዘቡ በቍጥር አትርፎ በዕቃ 800 ብር ይጐድልበታል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋው ንረት ከ30 ከመቶ በላይ እንደ ነበረ ማንም አይዘነጋውም።

ይህን ጕድለት የተመለከቱ ብዙ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ፒያሳ ወርቅ ቤቶች ይመልሳሉ። ወርቅ ዋጋውን ለረጅም ዘመን ይጠብቃል፤ ዳሩ ግን ወለድ የለውም፥ የእጅ ዋጋ ይከፈልበታል፥ በቤትም ሲቀመጥ የጥንቱ የጋን ብር ፍርሃት ተመልሶ ይመጣል። ዕቁብም የተመሰገነ የአባቶች ሥራ ነው፤ የማያጠራቅመውን ሰው እንኳ እንዲያጠራቅም ያስገድደዋል። ነገር ግን ዋሱ የአባላቱ መተማመን ብቻ ነው፥ ወለድም አይጨምርም። በእምነቱ ምክንያት ወለድ ለማይቀበልም ሰው ከወለድ ነጻ የሆነ አገልግሎት በባንኮች ተከፍቶለታል።

ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ግን ጥቂት ወለድ ከሚሰጥ ሳይሆን እጅግ ብዙ ከሚሰጥ ነው። በአልባንያ በ1997 እ.ኤ.አ. የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። በየወሩ ከፍ ያለ ትርፍ እንሰጣለን ያሉ ማኅበሮች፥ ለፊተኛው የሚከፍሉት ከኋለኛው ተቀብለው ነበርና አዲስ ገንዘብ ሲያልቅ በአንድ ጊዜ ወደቁ። ቤቱንና ከብቱን ሸጦ ያስገባ ሕዝብ ባዶ እጁን ቀረ፤ አገሪቱም በሁከት ታመሰች። እንዲህ ያለ የጥድፊያ ጥሪ በስልክም በጎረቤትም ወደ እኛ ሲመጣ ልንጠይቀው የሚገባው፥ ይህ ትርፍ ከየትኛው ሥራ ይወጣል የሚል ነው። መልስ ከሌለው ትርፉ የእኛው ዋና ገንዘብ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪውና ነጋዴው ወደ ሌላ ሠፈር ሲዛወር አይተናል። ግድግዳ ይፈርሳል፥ ሠፈር ይለወጣል፤ በስም የተጻፈ ሒሳብ ግን ባለቤቱን ይከተለዋል። እንግዲህ የቤት ጌቶችና እመቤቶች፥ ለችግር ቀን የሚሆነውን በቁጠባ ሒሳብ፥ ለሩቁ ያሰባችሁትን በጊዜ ገደብ አኑሩ፤ ከዚህ የተረፈውን ሥራ በሚያፈራ ነገር ላይ አውሉት። ደብተሩ የት እንዳለም ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ወራሽ የማያውቀው ሒሳብ ከጋኑ ብር ብዙ አይሻልምና።