የግል ፊልም ሠሪዎች የኢንተርኔት ቪዲዮ ገቢ በኢትዮጵያ

የግል ፊልም ሠሪዎች የኢንተርኔት ቪዲዮ ገቢ ማለት በቴሌቪዥን ጣቢያ ወይም በትልቅ ኩባንያ ሳይቀጠሩ በራሳቸው ወጪ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ሥራቸውን እንደ ዩቲዩብ ባሉ ድረ ገጾች ላይ ጭነው ከማስታወቂያ፣ ከስፖንሰር ወይም ከተመልካች ክፍያ የሚያገኙት ገንዘብ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ገቢ አለ። መጠኑን በይበልጥ የሚወስኑት ግን ተመልካቹ የሚኖርበት አገር፣ ቻናሉ የተከፈተበት ስምና ፊልሙ የተሠራበት ቋንቋ ናቸው፤ የእይታ ብዛት ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። ልዩነቱ እንደ ጋምቤላ ባሉ፣ ብዙ ቋንቋ በሚነገርባቸውና ዘመድ በውጭ በሞላባቸው አካባቢዎች ጎልቶ ይታያል።

አመጣጥ

የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ለእይታ ከበቃ በኋላ ለብዙ ዓመታት ፊልም መሥራት የመንግሥትና የጥቂት ባለሀብቶች ሥራ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የቪዲዮ ካሜራ ሲረክስ የግል ፊልም ሠሪዎች በረከቱ። በዚያን ጊዜ አንድ ፊልም አስቀድሞ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ይታይ፣ ቀጥሎ በሲዲ ይሸጥ ነበር። ሲዲው በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚባዛ ባለቤቱ ከሁለተኛው ዙር የሚያገኘው ጥቂት ነው። በክልል ከተሞች ደግሞ አብዛኛው ሰው ፊልም የሚያየው ቪዲዮ ቤት ገብቶ ሲሆን፣ ከዚያ ክፍያ ለፊልሙ ባለቤት የሚደርሰው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ኢንተርኔት የመጣው በዚህ ላይ ነው።

ክፍያው የሚሠራበት መንገድ

ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2005 ተመሠረተ፤ የማስታወቂያ ገቢውን ከቪዲዮ ሠሪዎች ጋር መካፈል የጀመረው በ2007 ነው። ከ2018 ጀምሮ የማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት አንድ ቻናል ቢያንስ 1,000 ተመዝጋቢዎችና በ12 ወራት ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ሊኖረው ይገባል። ይህን ያሟላ ሰው ከረጅም ቪዲዮ የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ይወስዳል፣ ቀሪው የኩባንያው ነው። ገንዘቡ አድሴንስ በተባለው የጉግል አገልግሎት በኩል የሚከፈል ሲሆን፣ ሒሳቡ 100 ዶላር እስኪሞላ ድረስ አይለቀቅም።

ከ100 ዶላሩ በፊት ሌላ ደጃፍ አለ። ሒሳቡ 10 ዶላር ሲደርስ ጉግል የባለቤቱን አድራሻ ለማረጋገጥ የምስጢር ቁጥር የያዘ ደብዳቤ በፖስታ ይልካል፤ ቁጥሩ በአራት ወር ውስጥ ካልገባ በቪዲዮው ላይ ማስታወቂያ መታየቱ ይቆማል። በኢትዮጵያ ደብዳቤ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን እንጂ በቤት ቁጥር ስላልሆነ የራሱ ሣጥን የሌለው ወጣት የመሥሪያ ቤት ወይም የዘመድ ሣጥን መለመን አለበት። ካሊፎርኒያ ውስጥ የተነደፈ ሥርዓት ጋምቤላ ፖስታ ቤት ድረስ የሚዘልቅበት አጋጣሚ ይህ ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን የአገር ዝርዝር ነው። የገቢ ተካፋይ መሆን የሚቻለው ዩቲዩብ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ ላሉ አገሮች ነዋሪዎች ነው። ናይጄሪያ፣ ኬንያና ጋና ተካተው ሳለ ኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ከዝርዝሩ ውጭ ነበረች። ስለዚህ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቻናሉን አሜሪካ ወይም አውሮፓ በሚኖር ዘመድ ወይም ጓደኛ ስም አስመዝግበዋል። ይህ መንገድ ገንዘቡን ያስገኛል፣ ባለቤትነቱን ግን ያዛውራል፤ በውሉ መሠረት የአድሴንስ ሒሳብ ባለቤት ስሙ የተጻፈው ሰው ነው፣ ሒሳቡንም ለሌላ ማስተላለፍ አይፈቀድም። ግብሩም በዚያ ሰው ላይ ይታሰባል። ዘመዱ ቢቀየም፣ ቢታመም ወይም የይለፍ ቃሉን ቢረሳ ፊልሙን የሠራው ሰው የሚያቀርበው የጽሑፍ ማስረጃ የለውም። በመካከላቸው ቀላል የጽሑፍ ውል ቢኖር ኖሮ ብዙ ጭቅጭቅ በቀረ ነበር።

የጋምቤላ ስሌት

ኒውላንድ በጋምቤላ ከተማ የሚገኝና በብዛት ኑዌሮች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን ኑዌርኛና አኙዋክኛ በሰፊው ይነገራሉ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ መላው ክልል 307,096፣ ጋምቤላ ከተማ ደግሞ 39,022 ነዋሪዎች ነበሯቸው። የአማርኛ አፍ መፍቻ ተናጋሪዎች በዚያው ቆጠራ ከ21 ሚሊዮን በላይ ነበሩ።

ለምሳሌ ያህል አንድ የኒውላንድ ወጣት 300,000 ብር አውጥቶ ፊልም ሠራ እንበል። አንድ ዶላር 130 ብር ቢሆን ወጪው 2,300 ዶላር ገደማ ነው። ለ1,000 እይታ አንድ ዶላር ቢደርሰው ወጪውን ለመመለስ ብቻ 2.3 ሚሊዮን እይታ ያስፈልገዋል፤ ይህ በቆጠራው ከተመዘገበው የክልሉ ሕዝብ ሰባት እጥፍ ይበልጣል። በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ቁጥሩ ከባድ ቢሆንም የሚቻል ነው። በኑዌርኛ ለሚሠራ ግን ከአገር ውስጥ ተመልካች ብቻ የማይታሰብ ነው።

ሆኖም የኑዌርኛ ተመልካች ጋምቤላ ብቻ አይደለም። ቋንቋው በደቡብ ሱዳን በስፋት ይነገራል፤ በአሜሪካ ነብራስካና ሚኒሶታ፣ በአውስትራሊያም ሜልቦርን ብዙ ተናጋሪዎች አሉ። አኙዋኮችም በሚኒሶታ የታወቀ ማኅበረሰብ አላቸው። አስተዋዋቂዎች ለአሜሪካና ለአውስትራሊያ ተመልካች የሚከፍሉት ለኢትዮጵያ ተመልካች ከሚከፍሉት በብዙ ይበልጣል። አንድ ቪዲዮ በኢትዮጵያ 150,000፣ በአሜሪካ 50,000 ጊዜ ታይቶ፣ ክፍያው ለ1,000 እይታ በቅደም ተከተል ግማሽ ዶላርና 4 ዶላር ቢሆን፣ ከኢትዮጵያ 75፣ ከአሜሪካ 200 ዶላር ይገኛል። ሩብ የሚሆነው ተመልካች ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነውን ገቢ አመጣ ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ግብር ይቀነሳል። ጉግል ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካ ውጭ የሚኖሩ ሠሪዎች ከአሜሪካ ተመልካች በሚያገኙት ገቢ ላይ የአሜሪካን ግብር ይቆርጣል። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የገቢ ግብር ስምምነት ባለመኖሩ ቅናሹ 30 በመቶ ነው፤ 200 ዶላሩ 140 ይሆናል። የግብር ቅጹን ያልሞላ ሰው ደግሞ ከመላው ዓለም ገቢው እስከ 24 በመቶ ሊቆረጥበት ይችላል። ቅጹን መሙላት የአንድ ሰዓት ሥራ ስለሆነ እዚህ ላይ ገንዘብ ማጣት የሚያስቆጭ ነው።

ጋምቤላ በፊልም ስትታይ ብዙ ጊዜ የሚቀርጻት ከውጭ የመጣ ሰው ነው። የታወቀው ምሳሌ ስለ መሬት ቅርምት የሚተርከውና «የሞተ አህያ ጅብ አይፈራም» ከሚለው ተረት ርእሱን የወሰደው የስዊድናዊው ዮአኪም ዴመር ዘጋቢ ፊልም (እ.ኤ.አ. 2017) ነው። የከተማዋ ወጣቶች ከኢንተርኔት ቪዲዮ ወጪያቸውን መመለስ መቻል አለመቻላቸው እንግዲህ ስለ ክልሉ ማን ይተርካል ከሚለው ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው።

መሰናክሎች

አራት ጊጋባይት የሚመዝን ፊልም በሰከንድ ሁለት ሜጋቢት በሚልክ መስመር ለመጫን አራት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ መብራት በመካከል ካልጠፋ ነው። የመስመር መቋረጥም አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የተዘጋው ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ቆይቷል፤ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ዩቲዩብን ጨምሮ ማኅበራዊ ሚዲያ በኢትዮጵያ ታግዶ ነበር። የ4,000 ሰዓቱ መስፈርት ግን በ12 ወራት የሚቆጠር ስለሆነ አምስት ወር ተመልካቹ የራቀበት ጀማሪ ቻናል ጊዜው አይካካስለትም።

የቅጂ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው። ፊልሙን ሌላ ሰው ቢጭነው ባለቤቱ ለዩቲዩብ አቤቱታ በማቅረብ ማስነሳት ይችላል፤ የተሰረቀውን ቅጂ በራሱ ፈልጎ የሚያገኘው ኮንቴንት አይዲ የተባለው መሣሪያ ግን በቀጥታ የሚሰጠው ብዙ ሥራ ላላቸው ኩባንያዎች ነው። አንድ ወይም ሁለት ፊልም ያለው ሰው በየዕለቱ በእጁ ይፈልጋል፣ አለዚያ ድርሻ ለሚወስድ አከፋፋይ ይሰጣል።

ሌሎች መንገዶች

በተግባር ብዙ የአማርኛ ቻናሎች የሚኖሩት በቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ከሚነገር የአገር ውስጥ ስፖንሰር ነው። ይህ በብር የሚከፈል፣ የአገር ዝርዝርም ሆነ የፖስታ ቁጥር የማይጠይቅ ነው። ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን አንድ ዶላር የሚመነዘርበት ብር ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ ከውጭ የሚመጣው ገቢ በብር ሲሰላ አድጓል።

በናይጄሪያ ፊልም ሠሪዎች ሙሉ ፊልም በራሳቸው ቻናል በነጻ መልቀቅ ጀምረዋል፤ የኦሞኒ ኦቦሊ «ላቭ ኢን ኤቭሪ ወርድ» እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ወጥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ20 ሚሊዮን በላይ ታይቷል። ፊልሙ በዋናነት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ከናይጄሪያ ውጭም ተመልካች ያገኛል። በሌላ በኩል ቪሚዮ ኦን ዲማንድ ከሽያጩ 90 በመቶውን ለሠሪው ይተዋል፤ ነገር ግን ተመልካቹ ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ሊኖረው ስለሚገባ የሚጠቅመው ለውጭ ነዋሪ ተመልካች ነው።

ፊልምን ያለ አከፋፋይ በራስ መሸጥ ከኢንተርኔት በፊትም ነበር። ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን (እ.ኤ.አ. 1993) የአሜሪካ አከፋፋዮች አልቀበል ሲሉት አዳራሽ እየተከራየ ከከተማ ከተማ አሳየው፤ በ1997 በዋሽንግተን ዲሲ ሳንኮፋ የተባለ የመጽሐፍና የቪዲዮ መደብር ከፈተ። ፊልሙ ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው በመስከረም 2021 ነው፤ ከተሠራ ከ28 ዓመት በኋላ።