ከዋጫ እስከ ዲማ፦ ወርቁ ለምን ቆላ ወረደ?

ከቦንጋ በዋጫ አድርጎ ወደ ሚዛን የሚወስደው ተራራማ መንገድ ዳርና ዳሩ ቀይ አፈር ነው። መንገደኛው ማዕድን ይመስለው ይሆናል፤ ቅላቱ ግን የበሰበሰ ባዛልት የተወው የብረት ዝገት ነው። በካፋ ደጋ ይህ የእሳተ ገሞራ ዐለት ጥንታዊውን መሠረተ ዐለት እንደ ጋቢ ሸፍኖታል።

ከሚዛን ወደ ጋምቤላዋ ዲማ ሲወረድ ጋቢው ይገለጣል፤ ከ540 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ያስቆጠረው ዐለት ብቅ ይላል። ወርቁ የሚገኘው በዚህ ነው። ዐለቱ ሲፈራርስ ጎርፍ ወርቁን ወደ አኮቦ ወንዝና ገባሮቹ ያወርደዋል። ባህላዊ አምራቾች አሸዋውን በገበቴ ያጥባሉ። ወርቅ በእኩል ይዘት ከተራ አሸዋ ሰባት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ፣ ውኃው አሸዋውን ሲጠርግ እርሱ ከሥር ይቀራል።

አስቸጋሪው ቁፋሮው ነው፤ ድጋፍ የሌለው የጉድጓድ ግድግዳ በክረምት ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ መያያዣውም ይላላል፤ በቆፋሪው ላይም ይናዳል።