ለእሽቅድድም የተወለደ ሞተር ብስክሌት በግሽ ዓባይ መንገድ

በአገራችን ዶቅዶቄ ሲባል ለብዙ ሰው አንድ ነገር ነው፤ ሁለት ጎማ፥ አንድ ሞተርና ብዙ ጩኸት። ነገር ግን ዶቅዶቄ ከዶቅዶቄ ይለያል። በአስፋልት ላይ እንዲሮጥ የተሠራ አለ፤ ዳገትና ጭቃ እንዲያቋርጥ የተሠራም አለ። የሁለተኛው ወላጅ እሽቅድድም ነው። እኛም ከዚህ ዘር የሆነውን ያማሃ ዲቲ 125 በአንድ የክረምት ዕረፍት ከፍኖተ ሰላም ተነሥተን፥ በቡሬና በጥሊሊ አድርገን፥ እስከ ግሽ ዓባይ ለመጀመሪያ ጊዜ ነዳነው። ሞተሩ ምን እንደሆነና ለምን እንዲያ እንደተሠራ ለአንባብያን ማስረዳት ወደድን።

በመጀመሪያ ስለ ዘሩ ጥቂት እንበል። ከመንገድ ውጭ የሚደረገው የሞተር ብስክሌት እሽቅድድም ከቀድሞዎቹ አንዱ በእንግሊዝ አገር በካምበርሊ በ1924 የተደረገው ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዞች ‹ስክራምብል› አሉት፤ መፍጨርጨር፥ በእጅም በእግርም መቧጠጥ እንደ ማለት ነው። ሞቶክሮስ የሚለው ስም ከፈረንሳዮች መጣ። በ1947 አገሮች እርስ በርስ የሚወዳደሩበት ጨዋታ በሆላንድ ተደረገ፤ በ1957 የዓለም ሻምፒዮና ተቋቋመ። በ1968 ያማሃ ዲቲ 1 የተባለውን አውጥቶ፥ ተወዳዳሪ ያልሆነ ተራ ሰውም ጫካና ኮረብታ የሚያቋርጥበት ቀላል ሞተር ገዝቶ መሄድ ቻለ። በ1973 ደግሞ ስዊድናዊው ሃካን አንደርሰን በ250 ክፍል የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፥ የነዳው ያማሃ ከኋላ እንደ ሌሎቹ ሁለት ሳይሆን አንድ ረጅም ሞላ ብቻ ነበረው። ሐሳቡ የቤልጅጉ መሐንዲስ የሉሲየን ቲልከንስ ነው። ከእሽቅድድም ሜዳ ወደ ጎጃም ገጠር ከመጡት ነገሮች ሁሉ ትልቁ ይህ ሞላ ይመስለናል።

ለምን ቢባል፥ ብዙ ሰው የሞተርን ብርታት የሚለካው በሞተሩ ጉልበት ነው። በድንጋያማ መንገድ ላይ ግን ጉልበት ከጎማ ወደ መሬት ካልተላለፈ ከንቱ ነው፤ ጎማው በአየር ላይ እየዘለለ ከሆነ መቶ ፈረስ ቢጠመድበትም አይገፋም፥ ፍሬንም አይዝም። የሞላው ሥራ ነጂውን ማመቻቸት ብቻ አይደለም። ጎማውን ከመሬት እንዳይለይ ማድረግ ነው። በከተማ የምናያቸው ተራ ሞተሮች ጎማቸው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሰው 12 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። ለዛሬው የእሽቅድድም ሞተር 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ዲቲ በሁለቱ መካከል ይውላል። ታዲያ ረጅም ሞላ ቁመትን ያስከትላል። የእሽቅድድሙ ሞተር ኮርቻ ከመሬት 97 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አጭር ሰው ሲቆም በአንድ እግሩ ጣት ብቻ ይነካል። መብራት የለውም፥ ቁልፍ የለውም፥ ሁለተኛ ሰው የሚቀመጥበት የለውም። ነዳጁ ሰባት ሊትር ቢሆን ነው። ክብደቱ ወደ 110 ኪሎ ሆኖ ባለ 450ው ከ50 የፈረስ ጉልበት በላይ ያወጣል። ዲቲ ከዚህ ውስጥ ቁመቱን፥ ቅለቱንና ጥርሳም ጎማውን ወርሶ፥ መብራትና ዕቃ መጫኛ ተጨምሮለት፥ ጉልበቱ ከ20 በታች የቀረ ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ወዳጅ አለን፤ እርሱ ግን እርጥብ ቀይ አፈር አልነዳም።

ሞተሩ የአጎታችን ነው። አጎታችን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሲሆን፥ በዚያን ቀን የአባ ሰንጋ ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዞ ወደ ሰከላ ይሄድ ነበር። ዲቲውን ለእኛ ለቆ፥ ባልደረባው ያዋሰውን ተራ የመንገድ ሞተር ይዞ ቀደመ። «ለጀማሪ የሚያዝነው ይሄኛው ነው» አለን። ከመነሣታችን በፊት የሰጠን ትምህርት ሁለት ቃል ነው፤ «አንተ ልጅ፥ መሪውን እንደ ዶሮ አንገት አትነቀው። ሲከፋ ቁም።»

እስከ ጥሊሊ ያለው አስፋልት ነው፤ በአስፋልት ላይ ይህ ሞተር ደስ አይልም። የጎማው ጥርሶች ይንዘረዘራሉ፥ መሪው በእጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፥ ነፋስ ደረትን ይገፋል። ከአስፋልቱ ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር ግን ነገሩ ተገለበጠ። በመጀመሪያው የድንጋይ ረድፍ ላይ የኋላው ጎማ ከሥራችን ሲወጣና ሲወርድ ይሰማናል፤ ወገባችን ግን አልተነካም። በእግር ማሳረፊያው ላይ ስንቆም ልዩነቱ ይበልጥ ታወቀን። የተቀመጠ ሰው ክብደቱ ከፍ ብሎ በኮርቻው ላይ ነው፤ የቆመ ሰው ክብደቱ ወደ እግር ማሳረፊያው ይወርዳል፥ ጉልበቱም ሌላ ሞላ ይሆናል። ሞተሩ ከሥር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲወላገድ ነጂው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ይህን የጎጃም ሰው ከጃፓኖች መማር አያስፈልገውም። በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ፈረሰኛው ሲጋልብ በእርካቡ ላይ ቆሞ፥ ልጓሙን አላልቶ ነው።

ጭቃው ሌላ ነገር ነው። ቀዩ አፈር ዝናብ ሲጠግብ በጎማው ጥርሶች መካከል ይሞላና ጎማው እንደ ሙልሙል ይለሰልሳል። መድኃኒቱ ቀስ ማለት ይመስላል፤ ነገር ግን በጣም ቀስ ካሉ ጭቃው ከጥርሶቹ አይረገፍም። ጥቂት ፍጥነት ሲኖር ጎማው ጭቃውን እየወረወረ ራሱን ያጸዳል። የፊት ፓራፋንጎው ከጎማው ከፍ ብሎ የተሰቀለውም ለዚሁ ነው። አጎታችን የያዘው የመንገድ ሞተር ፓራፋንጎው ጎማውን ታኮ ስለ ነበር ጭቃው መካከሉን ሞልቶ ጎማውን አሰረው፤ ደጋግሞ እየወረደ በዱላ ሲጭር አየነው። በየጭረቱ ሩብ ሰዓት ይሄዳል፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ደግሞ ይቀልጣል። ክትባቱ መቀመጥ ያለበት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ነው። ሞቆ የተበላሸ ክትባት ከውኃ አይሻልም፤ ይብሱንም ገበሬው ከብቴ ተከትቧል ብሎ እንዲዘናጋ ያደርጋል። በእርሻ ወቅት በሬ የሞተበት ሰው ምን እንደሚሆን ለገጠር ልጆች መንገር አያሻም።

አሁን ስለ ሞተሩ እንናገር፤ የምሕንድስና ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን አንቀጽ ቢዘሉት አንቀየምም። ዲቲ ባለ ሁለት ምት ነው፤ ፒስተኑ በተመለሰ ቁጥር አንድ ጊዜ ይተኩሳል። ባለ አራት ምቱ የሚተኩሰው በየሁለት ዙሩ ነው። ስለዚህ ትንሽና ቀላል ሆኖ ሳለ ጉልበት ያወጣል፤ ዋጋው ግን ዘይቱን ከቤንዚን ጋር አብሮ ማቃጠሉ ነው፤ ሰማያዊው ጭስ ከዚህ ይመጣል። በዚህ ጭስ ምክንያት በብዙ አገር ከመንገድ ተወግዶ፥ በእሽቅድድሙም ዋናውን ቦታ ለባለ አራት ምቱ ለቋል። ነጂውን የሚያስገርመው ግን ጠባዩ ነው። በዝቅተኛ ዙር ላይ የደከመ ይመስላል፤ ዙሩ ሲጨምር ድንገት ይነቃል። በዳገት መካከል ሲነቃ ፊቱን ያነሣል፤ ያን ጊዜ ነዳጅ መቀነስ ሳይሆን ደረትን ወደ መሪው መስጠትና ፍሪሲዮኑን በአንድ ጣት መቈጣጠር ነው የሚያስፈልገው።

ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ግድም ናት፤ ግሽ ዓባይ ወደ 2,700 ይደርሳል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ካርቡራቶሩ ግን የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ለመደው ያፈሳል። አየር ያነሰው ቤንዚን በደንብ አይቃጠልም፤ ጭሱ ይጠቁራል፥ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፥ ጉልበት ይወድቃል። አጎታችን ይህን ስለሚያውቅ ቤንዚን የምታሳልፈውን ቀዳዳማ ናስ በጠበበች ለውጧት ነበር። ለዚህ ነው ዲቲው እስከ ላይ ድረስ ሳያስነጥስ የወጣው።

ግሽ ዓባይ ስንደርስ ከጠበሉ ርቀን ሞተሩን አጠፋን፤ ለመዳን ጾሞ በሚጸልይ ሕዝብ መካከል ዶቅዶቄ ማስጮኽ ነውር ነው። ጄምስ ብሩስ በ1770 እዚህ ሲደርስ የመጣው በበቅሎና በእግር ነው፤ ከእርሱ በፊት ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 አይቶታል። ከሁለቱ ይልቅ ፈጥነን እንደ ደረስን ለመኵራራት ጥቂት ከጀለን።

የመንገድ ሞተር ርካሽ ስለሆነ ዛሬ ገጠሩን የሞላው እርሱ ነው፤ ሦስት ሰው ተሳፍሮበት፥ ራስ መከላከያ ሳይኖር ቁልቁለት ሲወርድ በየቀኑ ይታያል። በእኛ አስተያየት ለክትባትና ለወላድ የሚላክ ሞተር በዋጋው ርካሽነት ብቻ መመረጥ የለበትም። በሞላው ርዝመት፥ በፓራፋንጎው ከፍታና ነጂው ቆሞ መንዳት በመማሩ ይመዘን። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ሞተር የማይገባበት አለ። ከግሽ ዓባይ ወዲያ፥ ከብቶቹ ወዳሉበት መንደር የሚወስደው መስክ ረግረግ ነበር። ሁለቱንም ሞተሮች ባሕር ዛፍ ሥር አቆምን፤ አጎታችን ሣጥኑን በትከሻው አድርጎ ጫማውን አውልቆ ቀደመ፤ እኛም መርፌውን ይዘን ተከተልን።