ገበያውን የያዘ ኩባንያ አክሲዮን ያዋጣል?

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር ለሽያጭ ቀረበ፡፡ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ቡና ስንጠጣ አንድ ጠበቃ ወዳጄ ለልጁ ትምህርት ያጠራቀመውን ሊያውልበት አስቦ፣ «ገበያውን የያዘ ኩባንያ አያከስርም» አለኝ፡፡

እኔ ግን ሁለት ነገር አስታወስኩት፡፡ አንደኛ፣ ከሕግ የመነጨ የበላይነትን ሕግ መልሶ ይወስደዋል፤ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው መንግሥት በሩን ስለከፈተለት ነው፡፡ ሁለተኛ፣ ትርፍ ይከፋፈል ወይስ ለማስፋፊያ ይዋል የሚለውን የሚወስነው የባለአክሲዮኖች ጉባዔ ነው፤ 10 በመቶው በሙሉ ቢሸጥ እንኳ 90 በመቶው ድምፅ የመንግሥት ነው፡፡

በዚያ ዙር የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ያህል ብቻ ነበር፡፡ አትግዛ አላልኩትም፡፡ የላሟን ግዝፈት ብቻ አትይ፤ ወተቱን ማን እንደሚያካፍል አስቀድመህ ጠይቅ አልኩት እንጂ፡፡