በረዶ የሚያበጀው መኪና

በመጽሐፈ ኢዮብ መጨረሻ ገደማ ፈጣሪ በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሆኖ ለጻድቁ ሰው ከሚያቀርብለት ጥያቄ አንዱ በረዶ ከማን ማኅፀን እንደ ወጣ የሚመረምር ነው። ኢዮብ ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ ከእርሱም በኋላ እጅግ ብዙ ትውልድ በረዶን ከደመናና ከተራራ ሲቀበል ኖረ እንጂ፣ በወደደው ቀንና በወደደው ስፍራ፣ ያውም በሐሩር ወራት፣ ከጓዳው ውኃ ቀድቶ ማበጀት አልሆነለትም ነበር። በዛሬው ዘመን ግን ቁመቱ አንድ ክንድ የማይሞላ መኪና ከወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ውኃ በተጨመረለት በ10 ደቂቃ ገደማ የመጀመሪያውን በረዶ ሲያራግፍ ስለምናይ፣ በረዶ ማግኘቱ ቀላል ሆኖ መኪናውን መምረጡ አስቸጋሪ ሆኗል።

የዚህ መኪና የዘር ሐረግ ቢመዘዝ ከሕሙማን አልጋ አጠገብ ያደርሰናል። በፍሎሪዳ ጠረፍ በአፓላቺኮላ ከተማ ይኖር የነበረው ሐኪም ጆን ጎሪ፣ በንዳድ የተያዙትን ሕሙማኑን ያቀዘቅዝ ዘንድ በረዶ በሳሕን አድርጎ ከጣሪያ ያንጠለጥል ነበር፤ ዳሩ ግን በረዶው በብርድ ወራት ከሰሜን ሐይቆች እየተቆረጠ በመርከብ የሚመጣ ስለ ነበረ፣ መርከቡ የዘገየ እንደ ሆነ የሐኪሙ ጥበብ ሁሉ አብሮ ይዘገይ ነበር። ስለዚህ አየርን አምቆ በመልቀቅ ውኃን የሚያረጋ መኪና አበጅቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1851 ቁጥሩ 8080 የሆነ የፈጠራ መብት ከአሜሪካ መንግሥት ተቀበለ። በ1855 ሲሞት ከመኪናው ያተረፈው ነገር አልነበረም፤ ሐውልቱ ግን ዛሬ በዋሽንግተን በምክር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ፍሎሪዳን ወክሎ ቆሟል።

የመኪናውን ባሕርይ ለማወቅ ፍሎሪዳ ድረስ መሄድ አያሻም፤ የእናትን እንስራ ማሰብ ይበቃል። እንስራ ውኃ ተሞልቶ ከጥላ ሲቀመጥ ገላው ያልበዋል፤ በሸክላው ስስ ቀዳዳ ወደ ውጭ የሚወጣው እርጥበት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከውስጥ ከቀረው ውኃ ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ፣ ውኃው እያደር ይቀዘቅዛል። በረዶ ሠሪውም የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው፤ በእርሱ ዘንድ የሚተነው ግን በቧንቧ የታሰረ ሌላ ፈሳሽ ነው፤ ለምሳሌ በብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች ውስጥ ያለው አይሶቡቴን በተራ አየር ግፊት ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ስለ ሆነ፣ ከውኃው አጠገብ ሲተን ሙቀቱን ይነጥቀዋል። ከዚያም ኮምፕሬሰሩ ጋዙን አምቆ ወደ ጀርባው ቧንቧ ይሰደዋል፤ በዚያም ማራገቢያ እየነፋበት የነጠቀውን ሙቀት ለወጥ ቤቱ አየር ያስረክብና ዳግመኛ ፈሳሽ ይሆናል። ይህ ሙቀት የሚናቅ አይደለም፤ ዜሮ ዲግሪ ላይ የደረሰ አንድ ሊትር ውኃ በረዶ ይሆን ዘንድ ከእርሱ የሚወጣው ሙቀት፣ ያንኑ አንድ ሊትር ውኃ ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። እንግዲህ መኪናውን ከግድግዳ ጋር አጣብቆ ወይም ከምድጃ አጠገብ አስቀምጦ በረዶው አነሰ ብሎ መክሰስ ፍትሕ የጎደለው ነገር ነው፤ ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል መተንፈሻ በዙሪያው ሊተውለት ይገባል።

ክዳኑን ከፍቶ አሠራሩን መመልከት ለሕፃንም ለሽማግሌም ደስ ያሰኛል። ዘጠኝ ያህል የብረት ጣቶች ወደ ታች ተንጠልጥለው፣ ከሥራቸው ያለችው ትንሽ ገንዳ ውኃ ስትሞላ ይነከራሉ፤ ጧፍ የሚሠራ ዲያቆን በፈትሉ ላይ ሰሙን እየደራረበ እንደሚያወፍረው፣ በየጣቱ ዙሪያ በረዶው ስስ ሆኖ ይጀምርና እየደረበ ይወፍራል። ጊዜው ሲደርስ ገንዳዋ ትገለበጣለች፣ ሙቅ ጋዝ በጣቶቹ ውስጥ ለቅጽበት ያልፋል፣ በረዶውም እየተንሸራተተ ይረግፍና አንዲት መግፊያ ወደ ቅርጫቱ ታሻግረዋለች። በዚህ መንገድ የሚገኘው በረዶ መካከሉ ክፍት፣ መልኩ ነጣ ያለ፣ ጠርዙ ለስላሳ ነው፤ በችኮላ የረጋ ስለ ሆነም አየር በውስጡ ታስሮ ይቀራል።

አክስቴ በቨርጂኒያ ከዋሽንግተን አጠገብ ይኖራሉ። ለልጃቸው መልስ እንግዳ ሊቀበሉ ሲሉ ከዚህ ዓይነቱ መኪና አንድ ገዙና፣ በዋዜማው ቅርጫቱ እስኪሞላ ሲያሠሩት አምሽተው፣ ጩኸቱ እንቅልፍ እንዳይነሳቸው አጥፍተውት ተኙ። በማግሥቱ ማለዳ ስልክ ደወሉልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ትናንት ማታ ሞልቶ ያደረውን በረዶ ማን በላው?» አሉኝ፤ ድምፃቸውም የልጅ ልጆቻቸውን እንደ ጠረጠሩ ያስታውቅ ነበር።

«እትዬ፣ ማንም አልነካው፤ ያበጀው ራሱ መልሶ ጠጣው» አልኋቸው።

ነገሩ የመኪናው በሽታ ወይም የሻጩ ተንኮል አይደለም። ይህ ዕቃ በረዶ ማበጃ እንጂ በረዶ ማኖሪያ ስላልሆነ፣ ቅርጫቱ ያለበት ክፍል ሙቀት እንዳይገባ የተከለለ ብቻ ነው፤ ፍሪዘር አይደለም። የቀለጠው በረዶ ከሥር ወዳለው የውኃ ማጠራቀሚያ ይንጠባጠባል፣ ከዚያም መኪናው ሲነሣ ዳግመኛ በረዶ ይሆናል። ከገዢዎች ቅሬታ የሚበዛው ይህን አንድ ነገር ካለማወቅ የሚመጣ ይመስለኛል።

ከካርቶኑ ላይ የሚጻፈውንም ቁጥር በዚህ ዓይን መመርመር ያስፈልጋል። በ24 ሰዓት 12 ኪሎ ይሠራል ሲባል፣ አንድ ሰው ሌሊትና ቀን ከአጠገቡ ቆሞ ውኃ እየጨመረና ቅርጫቱን እየገለበጠ ከዋለና ካደረ ነው፤ ቅርጫቱ አንድ ኪሎ እንኳ የማይሞላ በመሆኑ፣ ሲጠግብ መቈጣጠሪያው ሥራውን ያቆመዋል። ገዢው ሊይዘው የሚገባው ቁጥር በሰዓት የሚገኘው፣ ማለት ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ለሃያ እንግዳ ለያንዳንዱ 200 ግራም ቢታሰብ 4 ኪሎ ስለሚያስፈልግ፣ መኪናው ስምንት ሰዓት መሥራት አለበት፤ እንግዳው ደጃፍ ሲደርስ ቢለኩሱት ለማፈር ብቻ ይጠቅማል።

እንደ መስተዋት የጠራ በረዶ የሚሻ ሰው ደግሞ ሌላ ዓይነት መኪና፣ ከዚያም ይልቅ ሌላ ዓይነት ወጥ ቤት ያስፈልገዋል። ውኃ በዝግታና ከአንድ ወገን ብቻ ሲረጋ አየሩንና በውስጡ ያለውን ማዕድን ወደ ፊት እየገፋ ንጹሑን ብቻ ወደ በረዶነት ያስገባል፤ ስለዚህ ይህ መኪና በቀዘቀዘ ገበታ ላይ ውኃውን ሳያቋርጥ እያፈሰሰ በረዶውን ንብር በንብር ያሳድገዋል፣ በመጨረሻም ያልረጋውን፣ ጉድፉ የተጠራቀመበትን ውኃ ይደፋዋል። የብዙዎቹም የበረዶ ማጠራቀሚያ እንደ ታናሹ መኪና ቅርጫት የማይቀዘቅዝ ስለ ሆነ በረዶው ቀስ እያለ ይቀልጣል፤ ይህም ውኃ መሄጃ ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ዓይነት ከ100 ዶላር ጥቂት ከፍ ባለ ዋጋ የሚያገኘው ሰው፣ ለዚህኛው ከሺሕ ዶላር በላይ ሊከፍል ከተዘጋጀ በኋላ እንኳ ገንዘቡ ብቻውን አይበቃውም፤ ከሚቆምበት ስፍራ ውኃ የሚያስገባ ቧንቧና ፍሳሽ የሚያስወጣ መውረጃ መኖር አለባቸው። መውረጃው ከመኪናው ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ውኃው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ግን ፓምፕ ያለበትን ዓይነት መግዛት ግድ ነው። ፓምፑ ሲታከልበት ዋጋው፣ ድምፁም፣ የሚበላሸውም ነገር ይጨምራል። ብዙ ሰው የመኪናውን መልክ አይቶ ከገዛ በኋላ የቧንቧ ሠራተኛ ሲጠራ አይቻለሁ፤ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነበር።

በእነዚህ መካከል የሚቆመው ሦስተኛው ዓይነት በቀዝቃዛ በርሜል ውስጥ የሚሽከረከር ጠመዝማዛ ብረት አለው፤ ብረቱ በግድግዳው ላይ የረጋውን በረዶ እየፋቀና በጠባብ ቀዳዳ እየጨመቀ የሚያወጣው ፍርፋሪ በጥርስ ለማኘክ የሚመች ነው። አሜሪካኖች እጅግ ይወዱታል። ለእኔ ግን በረዶ የሚቈረጠምበት ምክንያት አልተገለጠልኝም፤ ጥርሳቸው ደኅና የሆነ ሰዎች ይፍረዱ።

ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት መኪናውን ለዘመድ መላክ የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። በአሜሪካ ያለው መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ሲሆን፣ የኢትዮጵያው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዙን ግን እንዳለ ይተወዋል፤ ስለዚህ ለ60 የተሠራ የኮምፕሬሰር ሞተር በ50 ሲዞር ፍጥነቱ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል፣ ከመጠን በላይም ሊግል ይችላል። ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠራውን መግዛት ይሻላል። አዲስ አበባም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም ዐቅሙ ዝቅተኛ በመሆኑ ማራገቢያው ይደክማል። የከተማይቱ ቅዝቃዜ ግን በከፊል ይክሰዋል። ከሩቅ ተጭኖ የመጣውንም መኪና ወዲያው ሶኬት ላይ መሰካት አይገባም፤ በኮምፕሬሰሩ ያለው ዘይት ወደ ስፍራው ይመለስ ዘንድ አንድ ቀን ቀጥ ብሎ ይቁም።

ስለ ንጽሕናው፣ ውኃ በቆመበት ሁሉ ልግ ማበጀቱ አይቀርምና ማጠራቀሚያውን በየሳምንቱ ማፍሰስ፣ ሥራ በማይኖርበትም ጊዜ አድርቆ ክዳኑን ከፍቶ መተው ይገባል። በብረቱ ላይ የሚጋገረውን የኖራ ቅርፊት አቼቶ በውኃ በጥብጦ ማዞር ያስለቅቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ዙሮች ይደፉ፣ አለዚያ የእንግዳው ብርጭቆ አቼቶ አቼቶ ይላል።

ፍርዴን ብጠየቅ፣ እንግዳ በወር አንድ ጊዜ ለሚመጣበት ቤት በፍሪዘር የሚቀመጠው ተራ የፕላስቲክ በረዶ መሥሪያ ይበቃዋል፤ ቤቱ ሁልጊዜ ሰው የማያጣ፣ ፍሪዘሩም በሥጋና በበርበሬ የተሞላ ለሆነ ሰው ታናሹ መኪና ዋጋውን ይመልሳል፤ የጠራውን በረዶ የሚሻ ሰው ግን ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ጎንበስ ብሎ የፍሳሹን መውረጃ ይፈልግ። አክስቴ መኪናቸውን አልሸጡትም፤ ማታ ማታ ከመተኛታቸው በፊት ቅርጫቱን በከረጢት ገልብጠው ከፍሪዘሩ ያስገቡታል፤ የልጅ ልጆቻቸውንም መጠርጠር ትተዋል።